በየቀኑ የሚለዋወጠውን የሰነድ ጀርባ ንድፍ እንዴት አጸናሁት

ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳር በማይርቅ ቢሮ የዓሣ ምርት መዝገብ እይዛለሁ። የቆሮሶውና የአምባዛው ሰነዶች፣ የየወሩ፣ በኮምፒውተሩ ላይ አብረው ሲከፈቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ገጽ ናቸው። የአምባዛውን ኪሎ ቆሮሶው ላይ የመዘገብኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰነድ የተለየ ቀለም ሰጠሁ። እስከ አምስት ድረስ ደኅና ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ፈዛዛ አረንጓዴና ፈዛዛ ሰማያዊ ይምታታሉ። ስለዚህ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና ሥዕል በሚሠራው ቅጥያው በፒሎው ከፋይሉ ስም የሚመነጭ የመስመርና የነጥብ ንድፍ ሠራሁ። ያምር ነበር፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ሁሉም ይለወጣል። ትናንት ሞገድ የነበረው ዛሬ ጠቃጠቆ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሦስት ቀን ሙሉ የሥዕሉን ኮድ ስመረምር ባከንኩ።

ጥፋቱ ሥዕሉ ላይ አልነበረም። የፋይሉን ስም ንድፉ ወደሚነሣበት ቁጥር የምለውጠው ‹‹ሃሽ›› በተባለው የፓይተን ተግባር ነበር። ከፓይተን 3.3 እትም ጀምሮ ግን ይህ ተግባር ለጽሑፍ የሚሰጠው ቁጥር፣ ለደኅንነት ሲባል፣ በየማስነሻው እንዲለያይ ተደርጓል። በእርሱ ፈንታ ሃሽሊብ ከተባለው የፓይተን ክፍል፣ ለአንድ ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠውን ኤስኤችኤ-256ን ወስጄ ውጤቱን ንድፉን ለሚወስነው የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ መነሻ አደረግሁት። ንድፉ ጸና።

መነሻው ግን የሰነዱ ቋሚ መለያ ቁጥር ይሁን። ከይዘቱ ካመነጫችሁት አንዲት ፊደል ስታርሙ ጀርባው ይለወጣል፤ የፋይል ስምም ቢሆን አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም። ንድፉን ከነጩ ጥቂት ብቻ አጨልሙት፤ እኔ የድምቀቱን ቁጥር ከነጩ 255 ወደ 235 አውርጄ አቆምኩ፣ ከዚያ ሲጠቁር ፊደላቱ ይታፈናሉ። አሁን የአምባዛው በሰያፍ መስመሩ፣ የቆሮሶው በክብ ነጥቦቹ፣ ርእሱን ሳላነብ ይለዩልኛል።