አዲስ የማስተማሪያ ዘዴን በትምህርት ቤት ለማስጀመር
በሐዋሳ ርዕሰ መምህር ከሆኑና አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ለመሞከር ካሰቡ፣ የመምህራንን ማመንታት ከስንፍና አይቁጠሩት፤ ተማሪውም መምህሩም የሚመዘኑት በ12ኛ ክፍል ፈተና እስከሆነ ድረስ ከመጽሐፉ መውጣት ለእነሱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ዘዴው ከፈተናው ይዘት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ላይ አስቀድመው ያሳዩ። ከዚያ በሁለት ፈቃደኛ መምህራንና በአንድ ምዕራፍ ብቻ ይጀምሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመጣው፣ ከማዕከል በሳተላይት ወደ ክፍል ቴሌቪዥን ይሰራጭ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት፣ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሥርጭቱን ማቆም የማይችልበት ስለነበር (ይህን ያየ መምህር አዲስ ነገርን ቢጠራጠር አይፈረድበትም)፣ ዘዴውን የማቆምና የማሻሻል ሥልጣን ለመምህሩ ይተዉ። ከማስፋፋትዎ በፊት የወላጅ መምህር ኅብረት አባላትንና ሱፐርቫይዘሩን ክፍል ገብተው እንዲያዩ ይጋብዙ።