ጥርት ያለውንም ሻካራውንም ድምፅ የሚያበላሹ የጊታር አምፕ ስህተቶች

የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ፊት ላይ ያሉት ማዞሪያዎች ስማቸው ያሳስታል። ጌይን የተባለው ድምፅ መጨመሪያ ይመስላል፣ ግን ያሻክራል፤ ቮልዩም የተባለውም በአንዳንድ አምፕ ላይ ያሻክራል። ቤዝ የተባለው ደግሞ ያለቦታው ሲበዛ ዲስቶርሽኑን (ሆን ተብሎ የሚሻከረውን ድምፅ) ያድበሰብሰዋል። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ስሙን አምኖ ከማዞር ነው።

ጌይንን የድምፅ መጨመሪያ አድርጎ መቁጠር

ጌይንም ማስተር ቮልዩምም ያለው አምፕ ውስጡ ሁለት ደረጃ አለው። ጌይን ከጊታሩ የመጣው ሲግናል ፕሪአምፑን (የመጀመሪያውን የማጉያ ደረጃ) ምን ያህል እንደሚገፋው ይወስናል። ማስተሩ ደግሞ ከዚያ ከወጣው ምን ያህሉ ወደ ፓወር አምፑ (ስፒከሩን ወደሚነዳው ሁለተኛ ደረጃ) እንደሚያልፍ። ክሊን (ጥርት ያለ ድምፅ) ሲፈለግ ጌይኑ 2 ወይም 3 ላይ ይሆንና የሚፈለገው ጉልበት ከማስተሩ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ጎረቤት እንዳይረበሽ ማስተሩን 1 ላይ ይተወዋል፣ ድምፁ ሲያንሰው ጌይኑን 6 ያደርሰዋል፣ ከዚያ ክሊን ቻናሉ ለምን ይሻክራል ብሎ ይገረማል።

አንድ ቮልዩም ብቻ ያላቸው አምፖች ሌላ ነገር ናቸው። 22 ዋት የሆነው ፌንደር ደሉክስ ሪቨርብ ከመሃል በታች ጥርት ብሎ ይቆይና ከዚያ በኋላ መሻከር ይጀምራል። 85 ዋት የሆነው ትዊን ሪቨርብ ግን ጆሮ እስኪደነቁር ድረስ ክሊን ነው። ዋት ሲገዛ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፦ ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ የጎላ እንዲመስል 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ50 ወደ 100 ዋት ሲሸጋገሩ የሚገዙት ጩኸት ሳይሆን ሳይሻክር የሚቆይበትን ቦታ ነው።

ክሊኑን በለስላሳ አመታት ማስተካከል

ቤት ውስጥ ተቀምጠው በጣት እየነካኩ ያስተካከሉት ክሊን፣ መድረክ ላይ ከበሮው ሲጀምር ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱም እዚያ እጅዎ ይከብዳል። ትክክለኛው አካሄድ የሚከተለው ነው። የጊታሩን ቮልዩም 10 ያድርጉት። በሙዚቃው ውስጥ ከሁሉ ጠንክረው የሚመቱትን ኮርድ ይምቱ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ሻከር እስኪል ጌይኑን ከፍ ያድርጉ፣ ከዚያ ጥቂት መልሱት። እንዲህ የተገኘ ክሊን ሕይወት አለው፤ ጌይኑ 1 ላይ የተተወ ክሊን ግን ቀጭንና ደረቅ ይሆናል። የብራይት ማብሪያ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ) ካለ ደግሞ ልብ ይበሉ፦ በብዙ አምፖች ላይ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ቮልዩሙ ዝቅ ባለ ጊዜ ነው፣ ጆሮ የሚወጋውም ያኔ ነው።

ሪቨርቡንም (የማስተጋባቱን መጠን) በዘፈኑ ምት ይወስኑ። በዝግታ የሚሄድ ትዝታ ላይ 4 ቢሆን ያምራል። ችክችካ ላይ ግን ያው 4 ምቶቹን አንዱን በአንዱ ላይ ያፈስሰዋል፤ 2 ይበቃል።

ዲስቶርሽን ሲበዛ ኃይል የሚጨምር መምሰል

ጌይን ከልክ ሲያልፍ ሲግናሉ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል። ቀስታ የተመታውና በኃይል የተመታው እኩል ይወጣሉ፣ የፒኩ (የክር መምቻው) ምት ይጠፋል፣ በዝምታው መሃል ሽሽታው (ሽሽሽ የሚለው ድምፅ) ይጎላል። ባንድ ውስጥ ሲገባ ጊታሩ ትልቅ ከመሆን ይልቅ ወደ ኋላ የሚሸሽ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ኮርዶች ላይ ደግሞ የባሰ አለ። ሁለት ኖታ አብሮ ዲስቶርሽን ውስጥ ሲገባ የሁለቱ ልዩነትና ድምር እንደ አዲስ ድምፅ ይወጣል። ኤ የተባለው ኖታ 220 ሄርዝ፣ ከበላዩ ያለው ኢ 330 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 110፣ ራሱ ኤ፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ፓወር ኮርድ (እንዲህ ያለ የሁለት ኖታ ኮርድ) ሰፊና ወፍራም የሚመስለው በዚህ ነው። በኢ ፈንታ ሲ ሻርፕ ቢጨመር ግን 277 ሄርዝ ይሆናል፤ ልዩነቱ 57። ቅርብ ያለው ኤ 55 ስለሆነ 57 ከምንም ጋር አይገጥምም፣ ከሥር ጉርምርም ይላል። ስለዚህ ሙሉ ሜጀር ኮርድ የሚመቱ ከሆነ ጌይኑን ይቀንሱ። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ ሦስት ኖታ ያለው ኮርድ ይምቱና እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ካልተሰማ ጌይኑን ወደ ታች ይመልሱ።

ቤዝን ከዲስቶርሽኑ በፊት ማብዛት

ወፍራም ድምፅ ፍለጋ ቤዙን 8 ማድረግ የተለመደ ነው። ከዲስቶርሽኑ በፊት የገባ ቤዝ ግን ሁሉንም ያድበሰብሳል፤ ከዲስቶርሽኑ በኋላ የተጨመረ ቤዝ ያወፍራል። አምፖች በዚህ ይለያያሉ። በማርሻል ዓይነቶቹ ላይ የቤዝ፣ ሚድና ትሬብል (የወፍራም፣ የመካከለኛና የቀጭን ድምፅ) ማዞሪያዎች ከፕሪአምፑ መሻከሪያ በኋላ ናቸው፤ በሜሳ ቡጊ ማርክ ዓይነቶቹ ላይ በፊት ናቸው። ስለዚህ በማርክ ላይ ቤዙ 1 እስከ 3 ቢሆን እንኳ አይገረሙ።

በእጅዎ ያለው አምፕ ከባዱን ክር ካድበሰበሰው ቱዩብ ስክሪመር ዓይነት ፔዳል (በእግር የሚበራ የማሻከሪያ ሳጥን) ከፊቱ ያስገቡ፦ ድራይቩ (የማሻከሪያው መጠን) 0፣ ሌቭሉ (የሚወጣው ድምፅ መጠን) ወደ ላይ፣ ቶኑ መሃል። ፔዳሉ ከ720 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን እየቀነሰ ስለሚያስገባ ምቱ ይጠበቃል። ብዙዎች ድራይቩን ሙሉ አድርገው አምፑም ላይ ዲስቶርሽን ይደርቡበታል፤ ውጤቱ ሽሽታ ነው።

ሚድን ዜሮ ማድረግ

መኝታ ቤት ውስጥ ድምፁ ዝቅ ስለሚል ጆሮ ቤዝና ትሬብልን አሳንሶ ይሰማል። ሰውየው እነዚያን ሁለቱን 10፣ ሚዱን 0 ሲያደርግ የሚያምረው ለዚህ ነው። መድረክ ላይ ያ ማስተካከያ አይሠራም፤ ታቹን ቤዝ ጊታርና ኪክ ድራም፣ ላዩን ሲምባል ይዘውታል፣ ለጊታሩ የቀረው መሃሉ ነው። ሚዱን 5 ወይም 6 ያድርጉና ብቻዎን ስትጫወቱ ትንሽ አስቀያሚ ቢመስልም ይታገሱት። ሁሉን 5 ላይ ማድረግ "ዜሮ ማስተካከያ" የሚመስላቸውም ተሳስተዋል፦ የፌንደር ማዞሪያዎች 5 ላይ ሆነውም 400 ሄርዝ አካባቢ ያለውን አጎድጉደውታል።

አምፑን በቁርጭምጭሚት መስማት

የ12 ኢንች ስፒከር ትሬብሉን ቀጥታ ወደ ፊት ነው የሚልከው። አምፑ መሬት ላይ ሆኖ አጠገቡ የቆመ ሰው የታፈነ ድምፅ ይሰማና ትሬብል ይጨምራል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ተመልካች ጆሮውን ይይዛል። ወንበር ወይም የለስላሳ ሳጥን ላይ ያስቀምጡት፣ ወይም ወደ ኋላ ያጋድሙት፣ ከዚያ ያስተካክሉ። በማይክ የሚወሰድ ከሆነም ማይኩ ስፒከሩ መሃል ላይ ሲሆን ይሰላል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይለሰልሳል፤ በመሃሉና በጠርዙ መካከል ይጀምሩና በሁለት ሴንቲ ሜትር እያንቀሳቀሱ ይስሙ።

ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም) እና ሪቨርብ ፔዳልም ዲስቶርሽኑ ከአምፑ የሚመጣ ከሆነ ኢፌክትስ ሉፕ (ከፕሪአምፑ በኋላ ያለው የፔዳል መሰኪያ) ውስጥ ይግቡ። ከፊት ከገቡ ማስተጋባቱም አብሮ ይሻክራል።

ኤሌክትሪክና ገመድን መናቅ

ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ብዙውን ጊዜ 120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር 220 ነው። መቀነሻ ትራንስፎርመር ሲገዙ አምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የፍጆታ ዋት ያንብቡና ቢያንስ እጥፉን የሚችል ይውሰዱ። ፊውዝ ሲቃጠል በትልቅ ፊውዝ መተካት የአምፑን ትራንስፎርመር ለማቃጠል አጭሩ መንገድ ነው። ዝዝታ ለማጥፋት ብሎ የመሬት ሽቦውን መቁረጥም ሰው ይገድላል። የጊታሩ ፒካፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው) ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ከሆነ ሰውነትዎን ጥቂት ዞር ያድርጉ፣ ዝዝታው የሚቀንስበት ቦታ ይገኛል።

የቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቫልቭ የሚሠራ) ያለ ስፒከር አይበራም፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊነድ ይችላል። አምፑንና የስፒከር ካቢኔውን የሚያገናኘው ገመድም የጊታር ገመድ አይደለም። ጃኩ ይገጥማል፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግን ለዚያ ኃይል አልተሠራም፤ ሁለት ወፍራም ሽቦ ያለውን የስፒከር ገመድ ይግዙ። ካቢኔው 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ከሆነ ደግሞ 8 የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ይሰኩት።