ከጎጃም ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጎጃም ዋና መንገድ በደጀን ገብቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር ይደርሳል። አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ጫፍ ላይ፣ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይገኛል። በዚህ መስመር አውሮፕላን የሚያመልጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው።

የቲኬቱን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ማንበብ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ቲኬቱ ላይ 07:30 ተጽፎ ሲያዩ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው ብለው ቁርስዎን ተረጋግተው በልተው ከዳንግላ ቢነሡ፣ አውሮፕላኑ ቦሌ ካረፈ ቆይቷል። 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1:30 ነው፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል የሚሆነው 13:30 ነው። ከተጻፈው ላይ ስድስት ይቀንሱ። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱንም ወደ እኛ ለውጠው ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ በተለይ ቲኬቱን ልጆች ከውጭ አገር ቆርጠው ለእናትና ለአባት የላኩ እንደሆነ።

ከየትም ቢነሡ መብረር ያፋጥናል ብሎ ማሰብ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ 265 ገደማ። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም ያን ሁሉ መንገድ ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ ፍተሻና ጥበቃ ተጨምሮበት፣ ተመልሶ ወደ ደቡብ መብረር ለማርቆስ ሰው እምብዛም አያዋጣም። ለደጀን ሰው ጭራሽ ትርጉም የለውም። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር ላለ ግን ያለ ጥርጥር ያዋጣል። የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ የማይችል ሕመምተኛ ካለ ሒሳቡ ሌላ ነው።

በረሃውን በፍሬን ብቻ መውረድ። ይህ የራሳቸውን መኪና ይዘው ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መውረድ እብደት ነው፤ ፍሬን ሲግል የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ እንጂ «ድልድዩ ቅርብ ነው» ማለት አያድንም። ከባድ ማርሽ ያስገቡ። ሌላም አለ፦ የተበላሸ የጭነት መኪና ጎማው ሥር ድንጋይ ይደገፍለታል፤ ሲጠገን ሾፌሩ ድንጋዩን እዚያው ትቶት ይሄዳል። ጭጋግ ባለበት ማለዳ ኩርባ ላይ የሚጠብቅዎት እሱ ነው። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አቀለለው እንጂ ቁልቁለቱን አላስቀረውም።

ኪሎ ሜትሩን ብቻ ቆጥሮ መነሣት። መንገዱ ከተሞቹን በመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። በገበያ ቀን ጋሪው፣ ባጃጁ፣ የሚነዳው ከብት፣ አህያው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነው፤ በክረምት በእንጅባራ በኩል ዝናቡና ጉሙ ይጨመርበታል። ሚኒባስ ደግሞ ካልሞላ ከመናኸሪያ አይንቀሳቀስም፤ «አንድ ሰው ብቻ ቀረ» የሚለውን የረዳቱን ቃል እንደ ሰዓት አይቁጠሩት። የጠዋት በረራ ካለዎት ባሕር ዳር ይደሩ።

የመንገዱን ሁኔታ ሳይጠይቁ መውጣት። በጸጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። በዋዜማው፣ በዚያው ቀን ከዚያ የመጣ ሾፌር ይጠይቁ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም። ሌሊት አይጓዙ።

ዓባይን መሻገር አለብኝ ብሎ ማሰብ። ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወደ ጎንደር ለሚያልፍ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ በዳንግላና በባሕር ዳር መካከል ካለችው ከመራዊ በኩል የገባ ሰው ድልድዩን ካየ አልፎ ሄዷል ማለት ነው።