ኮምፓይለር ሲሻሻል ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ፒያሳ አጠገብ በምትገኘው ቢሯችን ስትለማመድ የነበረች ተማሪ ከማተሚያው ፊት ቆማ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ አዲሱ ኮምፓይለር ተበላሽቷል መሰለኝ» አለች። የአንድ ሱቅ ዓመታዊ የሽያጭ ማጠቃለያ እየታተመ ነበር። ማተሚያው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን 13 ወራት በሥርዓት አትሞ ማቆም ሲገባው 14ኛ፣ 15ኛ፣ 16ኛ እያለ ትርጉም የሌላቸውን ቁጥሮች ማውጣቱን ቀጠለ። የደረሰኙ ወረቀት ከጠረጴዛው ወርዶ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ሳለ ፕሮግራሙ በመጨረሻ ራሱ ወደቀ። በኮዱ ላይ ማንም አንዲት መስመር አልነካም። የተለወጠ ነገር ቢኖር ኮምፒውተሩ ኡቡንቱ ከተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስሪት 18.04 ወደ 22.04 መሸጋገሩ ነው፤ በዚያውም ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለራችን (የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ኮድ የሚለውጠው ፕሮግራም) ከስሪት 7 ወደ ስሪት 11 ከፍ ብሏል።

የምንጭ ኮዱ ባይነካም፣ ኮምፓይለሩ ሲለወጥ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ይሆናል። ለሱቆችና ለፋርማሲዎች የሒሳብና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በምንሠራበት ቢሮ ይህን ሽግግር ደጋግሜ አልፌበታለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፋቸውም በጀማሪዎችም ሆነ በራሴ እጅ ሲሠሩ ያየኋቸው ስህተቶች ናቸው።

ጥፋቱን በኮምፓይለሩ ማላከክ

ከሁሉ አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የተማሪዋ ፋንክሽን (አንድን ሥራ ለይቶ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አጭር ነበር። ሙሉ ቁጥር እንደሚመልስ ተደርጎ ታውጇል፤ ውስጡ 13 ጊዜ እየዞረ የእያንዳንዱን ወር ድምር የሚያትም ሉፕ አለ፤ ከሉፑ በኋላ ግን ምንም ነገር የሚመልስ መስመር የለም። በሲፕላስፕላስ ሕግ ቁጥር እመልሳለሁ ያለ ፋንክሽን ሳይመልስ መጨረሻው ላይ ከደረሰ ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ነገር ቋንቋው ምንም ዋስትና አይሰጥም። ጂሲሲ 7 ይህን ጉድለት ዝም ብሎ አሳልፎት ስለነበር ማጠቃለያው እስከዚያ ቀን ድረስ በትክክል ታትሟል። ከጂሲሲ 8 ጀምሮ ግን ኮምፓይለሩ «የዚህ ፋንክሽን መጨረሻ ፈጽሞ አይደረስበትም» ብሎ ይነሣል። መጨረሻው ካልተደረሰበት ሉፑ አያልቅም፤ ሉፑ ካላለቀ ደግሞ በየዙሩ «13 ሞልቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ ሥራ ነው። ስለዚህ ኦፕቲማይዜሽን (ፕሮግራሙ እንዲፈጥን ኮምፓይለሩ ትርፍ ሥራን የሚቀንስበት አማራጭ) ሲበራ ያንን ጥያቄ ከማሽን ኮዱ ውስጥ ያወጣዋል። ማተሚያው ያልቆመው አቁም የሚለው ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ስለጠፋ ነው።

ተማሪዋ ከጠራችኝ በኋላም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ኦፕቲማይዜሽኑን አጥፍታ እንደገና ኮምፓይል ስታደርገው 13ቱ ወራት ታትመው ማተሚያው ቆመ። «አየህ ጋሼ፣ እንዲህ ሲሆን ይሠራል» አለችኝ፤ ደስታዋም ከፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከስንት ሰው አፍ እንደ ሰማኋት ቆጥሬ አልጨርስም፤ በሰማኋት ቁጥርም ያስጨንቀኛል። ምክንያቱም ኦፕቲማይዜሽን ሲጠፋ የሚሠራ፣ ሲበራ የሚበላሽ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚመሰክረው በኮዱ ላይ ነው። አማራጩን አጥፍቶ መሄድ ስህተቱን አያርመውም፤ ለሚቀጥለው ስሪት፣ ለሚቀጥለው ማሽን፣ ያለዚያም ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው ያስተላልፈዋል። ያ ሰው ሲያገኘው ደግሞ ኮዱን የጻፈችው ልጅ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ይሆናል፤ ማጠቃለያውም ለግብር በሚቀርብበት ሳምንት ይሆናል የሚወድቀው።

በዚያ ቀን እጅግ ያሳዘነኝ ነገር ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ተናግሮ እንደነበር ማየቴ ነው። መመለሻ የሌለውን ፋንክሽን የሚያመለክተው ማስጠንቀቂያ ከጂሲሲ 8 ጀምሮ ለሲፕላስፕላስ ማንም ሳይጠይቀው ይወጣል። የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቁጥርና የጎደለውን ነገር ጽፎ አስቀምጧል። እርሷ ግን አላየችውም፤ ልታየውም አትችልም ነበር፤ ከላዩና ከታቹ ለዓመታት ያላስተካከልናቸው ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች ተደርድረው ስለነበር ዐይን አያርፍበትም። ያንን ክምር የከመርነው ደግሞ እኛ ነባሮቹ ነን። ስለዚህ ከማሻሻላችሁ በፊት፣ በአሮጌው ኮምፓይለር ላይ እያላችሁ፣ ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ አብርታችሁ አንድ በአንድ አጽዱ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ስሪት የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ብቻውን ስለሚቆም አታልፉትም። ጂሲሲም ሆነ ክላንግ የተባለው ሌላ ኮምፓይለር፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ያልተወሰነ ባሕርይን (ቋንቋው ዋስትና የማይሰጥበትን ነገር) የሚይዝ ሳኒታይዘር የሚባል መመርመሪያ አላቸው፤ መመለሻ የሌለውን የሲፕላስፕላስ ፋንክሽን እዚያው መስመሩ ላይ ያስቆመዋል።

ኮምፓይለሮች ፈጽሞ አይሳሳቱም እያልሁ አይደለም፤ እነርሱም በሰው እጅ የተጻፉ ፕሮግራሞች ናቸው። ነገር ግን ኮምፓይለሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ችግሩን ሃያ መስመር በማይሞላ ፕሮግራም ለብቻው አውጥታችሁ አሳዩ። ይህን ስታደርጉ ስህተቱ የራሳችሁ መሆኑን ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ።

አዲሱ ስሪት የከለከለውን በአማራጭ መልሶ መፍቀድ

ጂሲሲ 10 በ2020 ሲወጣ በሲ የተጻፉ ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች ሊንከሩ (ኮምፓይል የተደረጉትን ፋይሎች የሚያገጣጥመው ፕሮግራም) ጋ ሲደርሱ «ይህ ስም ደጋግሞ ተፈጥሯል» እየተባሉ ወደቁ። ምክንያቱ ብዙ ፋይሎች በሚጋሩት የማወጃ ፋይል (ሄደር ፋይል) ውስጥ «ኤክስተርን» (ሌላ ቦታ የተፈጠረ ነው) ሳይባል የተጻፈ ግሎባል ተለዋዋጭ ሄደሩን በጠራው ፋይል ሁሉ እንደገና መፈጠሩ ነው፤ የቀድሞው አሠራር እነዚያን ሁሉ በዝምታ አንድ ያደርጋቸው ነበር። «ኤፍኮመን» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ ወደ አሮጌው አሠራር መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ብዙ ሰው ያንን ያደርግና ይረሳዋል። ትክክለኛው እርማትም ቢሆን ረጅም አይደለም፦ ሄደሩ ውስጥ ኤክስተርን ብሎ ማወጅ፣ ተለዋዋጩን ራሱን ደግሞ በአንድ ፋይል ውስጥ ብቻ መፍጠር።

በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14 ደግሞ ያልታወጀ ፋንክሽን መጥራትን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት ከፍ አድርጎታል። ይህን ልማድ የሲ ቋንቋ ደረጃ ያስወገደው በ1999 ነው፤ ኮምፓይለሩ 25 ዓመት ታግሷል ማለት ነው። ያልታወጀ ፋንክሽን ሙሉ ቁጥር እንደሚመልስ ተደርጎ ስለሚወሰድ ፋንክሽኑ በእርግጥ የሚመልሰው የሜሞሪ አድራሻ ከሆነ በ64 ቢት ማሽን ላይ አድራሻው ግማሹ ተቆርጦ ይደርሳል። ኮምፓይለሩ እንቢ ያለው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ አፉን ማስያዝ አይገባም።

በአዲስ ኮምፓይለር ሠርቶ ወደ አሮጌ ማሽን መላክ

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ቢሮ ውስጥ የጃቫውን ኮምፓይለር ከ8 ወደ 11 አሳደግሁት። በመናኸሪያ አካባቢ ያለው የደንበኛችን ፋርማሲ ኮምፒውተር ገና ጃቫ 8 ላይ እንደነበር ስለማውቅ «ሶርስ» እና «ታርጌት» የሚባሉትን ሁለት አማራጮች 8 ላይ አድርጌ ኮምፓይል አደረግሁና ላክሁ። ፕሮግራሙ ያለችግር ተከፈተ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሸጡበትም ዋሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን የዕለቱን ሒሳብ ወደ ፋይል የሚጽፈው ክፍል «እንዲህ ያለ ሜተድ የለም» ብሎ ወደቀ። የፋርማሲው ባለቤት ደውለው «እባክህ ወንድሜ፣ ሒሳቡን ሳልዘጋ ቤቴ መግባት አልችልም» አሉኝ። አሮጌውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ በባጃጅ ሄድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ታርጌት» የሚለው አማራጭ የሚወስነው የሚወጣው የክላስ ፋይል የስሪት ቁጥር የትኛው እንደሚሆን ነው፤ ለጃቫ 8 ቁጥሩ 52፣ ለ11 ቁጥሩ 55 ነው። ኮምፓይለሩ ግን የሚያጣራው ከራሱ ጋር በመጣው የጃቫ 11 ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ነበር። በጃቫ 8 «ፍሊፕ» የሚባለው ሜተድ (በክላስ ውስጥ ያለ ፋንክሽን) የሚገኘው «በፈር» በሚባለው ወላጅ ክላስ ውስጥ ብቻ ሲሆን ከጃቫ 9 ጀምሮ ግን «ባይትበፈር» የተባለው ልጅ ክላስ የራሱን ዓይነት የሚመልስ ፍሊፕ አለው። የእኔ ኮድ በአዲሱ ላይብረሪ ሲጣራ የልጁን ሜተድ ስም ይዞ ወጣ፤ ፋርማሲው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሜተድ አልነበረም። ከጃቫ 9 ጀምሮ «ሪሊዝ» የሚባል አንድ አማራጭ አለ፤ 8 ብላችሁ ብትሰጡት ቋንቋውንም፣ የክላስ ፋይሉንም፣ የሚጣራበትንም ላይብረሪ በአንድ ጊዜ ወደ 8 ይመልሳል። ከዚያ ምሽት ወዲህ ሶርስና ታርጌት የሚሉት ቃላት በቢልድ ፋይሎቻችን ውስጥ የሉም።

ፊደላችንን መርሳት

የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን በጨረፍታ ያልፉታል፤ እኛ ግን ልናልፈው አንችልም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመለወጫ ሥርዓት) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የጃቫ ኮምፓይለር በ2022 ስሪት 18 እስኪወጣ ድረስ፣ ኢንኮዲንጉ ካልተነገረው በቀር፣ የምንጭ ፋይሉን የሚያነበው በኮምፒውተሩ ነባሪ ኢንኮዲንግ ነበር፤ ይህም እኛ በምንጠቀምባቸው የዊንዶውስ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ-1252 ነው። ወደ 17 ስንሸጋገር የቢልድ ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ጻፍነውና ኢንኮዲንጉን የሚገልጸውን መስመር ዘነጋነው። «ዋጋ»፣ «ብዛት»፣ «ቀን»፣ «ጠቅላላ» የሚሉት የደረሰኝ ቃላት ሁሉ ተበላሽተው ወጡ፤ ሁለት ፊደል የነበረው «ዋጋ» ስድስት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነ።

ኮምፓይለሩ በዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በኋላ ባይቶቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ምክንያቱ ገባኝ። በዊንዶውስ-1252 ውስጥ ምንም ምልክት ያልተመደበላቸው አምስት ባይቶች ብቻ አሉ፤ ኮምፓይለሩ የሚያጉረመርመው ከእነርሱ አንዱን ሲያገኝ ነው። «ም» የምትባለዋ ፊደል ከእነዚያ አንዱን ይዛለች፤ ስለዚህ «ስም» የሚል ቃል እዚያ ፋይል ውስጥ ቢኖር ኖሮ ወዲያው እንነቃ ነበር። «ዋጋ»ም ሆነ «ብዛት» እንዲህ ያለ ባይት ስለሌላቸው በሰላም አለፉ። ከ18 ጀምሮ ነባሪው ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ ይህ ችግር ቀሏል፤ ሆኖም ሽግግሩ በየትኛውም ስሪት መካከል ቢሆን ኢንኮዲንጉን በግልጽ ጻፉት፤ የሙከራ ፋይላችሁ ውስጥም ሙሉውን የፊደል ገበታ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ከነዲቃሎቹ አስገቡበት።

አሮጌ ቅሪቶችን ከአዲስ ጋር መቀላቀል

ጂሲሲ 5 በ2015 ሲወጣ የሲፕላስፕላስን የጽሑፍ ዓይነት (ስትሪንግ) ውስጣዊ አቀማመጥ ለውጧል። በአሮጌው ኮምፓይለር የተሠራ ላይብረሪና በአዲሱ የተሠራ ፕሮግራም ጽሑፍ ሲለዋወጡ ሊንከሩ አለ የምትሉትን ስም የለም ይላችኋል። የቀድሞዎቹን ኦብጀክት ፋይሎች (ኮምፓይለሩ አውጥቷቸው ገና ያልተገጣጠሙ ፋይሎች) በሙሉ አጥፍታችሁ ከባዶ ገንቡ፤ ምንጩ በእጃችሁ የሌለ ላይብረሪ ካለ ደግሞ ይህን ማወቅ ያለባችሁ ከማሻሻላችሁ በፊት ነው።

መጫኑን ብቻ እንደ ሽግግር መቁጠር

በ2024 የወጣው የጎ ቋንቋ ስሪት 1.22 በፎር ሉፕ የሚታወጀው ተለዋዋጭ በየዙሩ አዲስ እንዲሆን አድርጓል፤ ከዚያ በፊት ዙሮቹ ሁሉ አንዱን ተለዋዋጭ ይጋሩ ነበር። ይህ ለውጥ የሚሠራው ግን የሞጁል ፋይሉ ውስጥ የጎ ስሪት 1.22 ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ ሲጻፍ ነው። አዲሱን ጎ ጭኖ ያችን መስመር ያልነካ ሰው አሮጌውን ትርጉም ይዞ ይቀጥላል፤ ከወራት በኋላ በሌላ ምክንያት ሲለውጣት ግን የሉፖቹ ሁሉ ትርጉም በአንድ ጊዜ ይለወጥበታል። ረስት የተባለው ቋንቋም ኤዲሽን በሚለው ሥርዓቱ ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል።

አሮጌውን ኮምፓይለር ቸኩሎ ማጥፋት

መብራት በሚቆራረጥበትና ትልቅ ፋይል በሞባይል ፓኬጅ በሚወርድበት ቦታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የአሮጌውን ስሪት መጫኛ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሳታስቀምጡ እንዳታጠፉት። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆዩ፤ አንድ ዓይነት ዳታ ለሁለቱም አብሉ፤ የሚያወጡትን ፋይል መስመር በመስመር በማነጻጸሪያ አስተያዩ። እኛ የምንጠቀምበት ዳታ ያ የ13 ወራት ማጠቃለያ ነው፤ የሚለዩበት መስመር እስካለ ድረስ አዲሱ ስሪት ወደ ደንበኛ አይወጣም።