ተርሚናል ላይ ጽሑፍ ስክሮል ስታደርጉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ምስልን በፒክስል የሚገፋ ቺፕ ነበረው። የዘመኑ ፕሮግራመሮች በስክሪኑ ላይ የሚፈስ ሰላምታ የሚጽፉት በዚያ ነበር። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ግን ፒክስል አያውቅም፤ የሚያውቀው ፊደል የሚቀመጥበትን ሳጥን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ያንን የድሮ ውበት ማምጣት ይቻላል።

በየፍሬሙ ስክሪኑን ማጥፋት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፍሬም ማለት ከእንቅስቃሴው አንዱ ምስል ነው። አጥፍታችሁ እስክትጽፉ ድረስ ባዶው ስክሪን ለቅጽበት ይታያል፤ ስለዚህ ይብለጨለጫል። ማጥፋቱን ተዉት። ከርሰሩን (የመጻፊያ ቦታ ጠቋሚውን) ወደ መነሻው መልሱና አሮጌው ላይ ደርባችሁ ጻፉ። አዲሱ መስመር ካጠረ ቀሪውን በባዶ ቦታ ሙሉት፣ አለዚያ የቀድሞው ጭራ ይቀራል። ፊደል በፊደል መላክም ያንኑ ችግር ይመልሰዋል። ፍሬሙን በአንድ ስትሪንግ ሰብስቡና በአንዴ ላኩት። ፓይተን ላይ ከሆናችሁ ፍላሽ ማድረግ (የተጠራቀመውን ወዲያው መላክ) አትርሱ፤ አዲስ መስመር እስኪመጣ ጽሑፉን ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ፍጥነቱን ለስሊፕ መተው

ሉፑ ውስጥ በስሊፕ ፕሮግራሙን 0.05 ሰከንድ ማስተኛት በቂ ይመስላል። ግን ስክሪኑ ላይ መጻፉም ጊዜ ይወስዳል፣ በርቀት የተገናኘ ማሽን ላይ ደግሞ ይብሳል። ቦታውን ከሰዓት አስሉት፦ ጽሑፉ በሰከንድ 12 ሳጥን እንዲሄድ ከፈለጋችሁ፣ ያለፈውን ሰከንድ በ12 አባዙ። ፍሬም ቢዘለል እንኳ ፍጥነቱ አይዛባም።

80 ብሎ መጻፍ

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 ተርሚናል ስፋቱ 80 ፊደል፣ ቁመቱ 24 መስመር ነበር። የዛሬ መስኮት ግን ይለጠጣል። ስፋቱን ከሲስተሙ ጠይቁ፣ ሲቀየርም እንደገና ጠይቁ።

የአማርኛ ፊደልን እንደ ላቲን መቁጠር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ስልት) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በሲ ቋንቋ በባይት ከቆረጣችሁ ፊደሉ መሃል ላይ ይሰበርና ጠርዙ ላይ የማይነበብ ምልክት ይመጣል። ፓይተን 3 የሚቆጥረው በፊደል ስለሆነ እዚህ ይሻላል። ስፋቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ የኮድ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ተርሚናሉ ከሌላ ፎንት ይዋስና አንድ ሳጥን ውስጥ ይጨምቀዋል። እንደ «ሠ» እና «ጨ» ያሉት ሰፋፊዎቹ ይቆረጣሉ ወይም ከጎረቤታቸው ጋር ይደራረባሉ። ኮድ ብቻውን ይህን አያስተካክልም፤ ፎንቱን ቀይሩ። ለአጭር ርዕስ በየፊደሉ መሃል አንድ ባዶ ቦታ መጨመርም መደራረቡን ያቃልላል።

ተርሚናሉን አበላሽቶ መውጣት

ውበት ብለን ከርሰሩን እንደብቃለን። ተጠቃሚው ኮንትሮል ሲ ሲጫን ከርሰሩ እንደተደበቀ ይቀራል። ሰው የሚሠራበትን መስኮት እንዲህ ትቶ መሄድ ነውር ነው። መመለሻውን ፕሮግራሙ በስህተት ወይም በኮንትሮል ሲ ቢቆምም በሚሠራ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት፤ ፓይተን ላይ «ፋይናሊ» ለዚህ ነው። ትዕይንቱን በተለዋጩ ስክሪን (ተርሚናሉ ለጊዜው በሚከፍተው ሌላ ገጽ) ላይ ካሳያችሁት ደግሞ ስትወጡ ሰውየው ሲሠራበት የነበረው ጽሑፍ እንዳለ ይመለስለታል።