የሕንፃን ንዝረት ከርቀት ለክቶ ይዞታውን መመርመር

በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ ከባድ ጉዳት ያደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እንደሚመሰክረው፣ ወሎ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለ ምድር ስለሆነ፣ የደሴንና የኮምቦልቻን ፎቆች ይዞታ መከታተል ለነገ የማይባል ሥራ ነው። አንዱ መንገድ የሌዘር ንዝረት መለኪያ ነው፤ ጨረሩ ከግድግዳው ነጥሮ ሲመለስ የሚያሳየው የድግግሞሽ ለውጥ ግድግዳው የሚንቀሳቀስበትን ፍጥነት ይነግረናል።

መሣሪያውን ከባድ መኪና ከሚመላለስበት መንገድ አርቀው በጠንካራ መሬት ላይ ይትከሉ፤ የራሱ እግር ከተንቀጠቀጠ ልኬቱ ይበላሻል። ጨረሩን በመስታወት ወይም በአሉኮቦንድ ላይ አያሳርፉ፤ እነዚህ ለብቻቸው ስለሚርገበገቡ በላይኛው ወለል የኮንክሪት ዓምድ ላይ ያነጣጥሩ። ሌዘሩ የሚለካው በጨረሩ አቅጣጫ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ፣ ጨረሩ ከሕንፃው ውዝዋዜ አቅጣጫ 60 ዲግሪ ካዘነበለ የሚታየው ግማሹ ነው። በዚህ ረገድ የደሴ ተዳፋት ትልቅ ጸጋ ነው፤ ከዳገቱ ላይ ሆኖ የማዶውን ሕንፃ አናት ፊት ለፊት ማየት ይቻላል።

ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቅዱ፤ ነፋስና ትራፊክ የሚፈጥሩት ረቂቅ ንዝረት ይበቃል። ውጤቱ በኮምፒውተር ወደ ሕንፃው የንዝረት ድግግሞሽ ግራፍ ሲቀየር፣ ባለ 5 ወለል ኮንክሪት ሕንፃ በግምት 2 ኸርዝ (በሴኮንድ 2 ውዝዋዜ) አካባቢ ጉልህ ጫፍ ያሳያል። ይህን ካለፈው ልኬት ጋር ያነጻጽሩ፦ ክብደቱ ሳይለወጥ ድግግሞሹ በ5 በመቶ ከቀነሰ፣ የሕንፃው ግትርነት (ሲገፋ ያለመታጠፍ አቅሙ) 10 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ይህም የጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ጣሪያ ላይ የተጨመረ ሙሉ ሮቶም ድግግሞሹን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ይህንን አስቀድመው ያጣሩ። ልኬቱ ጉዳቱ የት እንዳለ ስለማይጠቁም፣ ለውጡ ከታየ መሐንዲስ ዓምዶቹንና መጋጠሚያዎቹን ቀርቦ ይመርምር።