የድሮ ቮልስ ስታድሱ እነዚህን አታድርጉ

ሰሞኑን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዦቹን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ይገባዋል። ወጣቱ የአያቱን ቮልስ ከግቢ ጥግ እየጎተተ ማውጣት ጀምሯል። ደስ ይላል። ግን ያው ጥፋት በየሳምንቱ ሲመጣብኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

በጣም የሚያናድደኝን ላስቀድም። ሞተሩ ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ሲገጠም ግን ላሜራዎቹ ይቀራሉ። ሲሊንደሮቹን የሚሸፍኑትና በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት የሚዘጉት ጥቁር ላሜራዎች ማለቴ ነው። ለምን ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «በአየር አይደል የሚቀዘቅዘው? ክፍት ሲሆን ይሻለዋል።» አይሻለውም! ከላይ ያለው ቬንትሌተር ቀዝቃዛ አየር ስቦ ወደ ሲሊንደሮቹና ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይገፋል። አየሩን እዚያ የሚያደርሱት ላሜራዎቹ ናቸው። ከሥር በማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የጋለው አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚያግዱትም እነሱ ናቸው። ስታወጧቸው ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

አንድ ልጅ ከካዛንቺስ ሞተሯ ገና የታደሰ ቮልስ አስጎትቶ መጣ። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን ሲወጣ፣ ፒያሳ ሳይደርስ ጉልበት አጥታ ቆመችበት። ስንፈታት ሦስተኛው ፒስተን ነክሷል፤ ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል። ሦስተኛው መሆኑ አልገረመኝም። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የዚያን ሲሊንደር አየር ስለሚሻማው ቀድሞ የሚግለው እሱ ነው። ላሜራዎቹስ አልኩት። «ትርፍ ናቸው ተብሎ ለቁራሌው ተሰጡ።» ለቁራሌው! ሶማሌ ተራን ስናስስ ውለን ያገኘነው ግማሹን ነው። የቀረውን ቆርጠን ሠራን።

የቺንጊያው (የሞተሩ ቀበቶ) ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዲናሞውንና ቬንትሌተሩን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ስለዚህ ቀዩ መብራት ሲበራ «ባትሪው ቻርጅ ባያደርግ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አይባልም። ቺንጊያው ተበጥሶ ከሆነ ቬንትሌተሩም ቆሟል፤ ዳር ይዛችሁ አጥፉ። ትርፍ ቺንጊያም ከትርፍ ጎማው ጋር ይኑር።

ቫልቭ በትኩሱ አይስተካከልም። ሞተሩ አድሮ፣ ጠዋት ሳይነሳ ነው የሚሠራው። አብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ድምፁን ለማጥፋት ብለው የሚያጠብቁ አሉ። የጠበቀ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፣ ሙቀቱንም ለቴስታታው አያስረክብም፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ትንሽ ቲክ ቲክ ብትል ምናለበት? ቮልስ ናት።

ቤንዚን የሚያስተላልፈው ጎማ ላይ አትቆጥቡ። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ከተንጠባጠበ ምን እንደሚከተል ልነግራችሁ አይገባም።

ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጥላሸት ለበሰ ብላችሁ ካርቡራተር ለመግዛት አትሩጡ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተለካ ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። መጀመሪያ ቾኩ (ሞተሩ በብርድ ሲነሳ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ሳይከፈት አለመቅረቱን እዩ፣ ከዚያ አነስ ያለ ጂግለር ሞክሩ።

በፈረንጆቹ 1967 ሞዴል አካባቢ ቮልስ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተሸጋግራለች። የእናንተዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ከሆነች ባለ12 ባትሪ ሰክቶ መሄድ የለም። አምፖሉም፣ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ቦቢናም፣ ዲናሞውም አብረው ይቀየራሉ።

ቀለም አስቀብቶ የሚጀምር ሰው ደግሞ ጨርሶ አይገባኝም። የኋላ ወንበሩን አንሱና ባትሪው ሥር ያለውን ወለል በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። ካለፈ ሥራው የብየዳ እንጂ የስቱኮ (የመሙያ ልጥፍ) አይደለም። ስቱኮ የሸፈነውን ዝገት ክረምቱ ያወጣዋል፣ ያን ጊዜ የቀለሙም ብር አብሮ ይሄዳል።

ሌላ ሞተር ገዝታችሁ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሊብሬውን አውጡ። እዚያ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሻጩ ወረቀት ከሌለው ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ እለፉት።